አክታ ጠራጊው

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ድሮ «ሙዚቃ ሚክስ አደርጋለሁ» እል ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። አክታ ጠራጊ ነኝ እላቸዋለሁ። የሚስቁ አሉ፤ የጨበጡትን እጄን ቀስ ብለው ለቀው መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ የሚጠርጉም አሉ። ሥራዬ የገባቸው እነዚህኞቹ ናቸው።

ሰው ሁሉ ዘፈን ከልብ የሚመጣ ይመስለዋል። ከአፍ ነው የሚመጣው። አፍ ደግሞ እርጥብ ነገር ነው። ዘፋኝ ዘፍኖ፣ ተዋናይ ተውኖ ሲሄድ ማይኩ ድምፁን ብቻ አይዝም፤ ከንፈር ሲላቀቅ «ጧ» የሚለውን፣ ምላስ ከላንቃ ሲላጥ የሚሰማውን፣ አፍንጫ ውስጥ የሚንፎቀፎቀውን፣ ሆድ ውስጥ ገና ያልተስማማውን ሽሮ ሁሉ ይይዛል። እኔ ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ያንን አንድ በአንድ እየለቀምኩ አወጣለሁ። ሃያ አምስት ዓመት አልፎኛል። የጠረግኩት ምራቅ ቢጠራቀም ርብ ወንዝ በበጋም ሞልቶ ድልድዩን ይዞት ይሄድ ነበር።

የጀመርኩት ባሕር ዳር ካሴት ከሚገለበጥበት ሱቅ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ገብቼ የዘፈን ሚክስ፣ የድራማ ድምፅ፣ የማስታወቂያ ድምፅ፣ ምን ያልሠራሁት አለ። ድምፄን ይከፍትልኛል ብሎ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት በጥሬው በልቶ የሚመጣ ዘፋኝ ነበረን። እሱ ከሄደ በኋላ የማይኩ ስፖንጅ ለሦስት ቀን ወጥ የተሠራበት ይመስል ነበር። አገር ምድሩ ሠርጉ ላይ የጨፈረበት አንድ የፍቅር ዘፈን አለ፤ «ውዴ» ከምትለው ቃል በኋላ ግሳት ነበረባት። እኔ ነኝ የቀበርኳት፤ የት እንደተቀበረች እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። የአንድ ምግብ ማስታወቂያ ባለቤት ደግሞ ተዋናዩ ሲያላምጥ የሚሰማው ድምፅ አልጣመውም አለና፣ እኔው ራሴ ማይኩ ፊት ቁጭ ብዬ ቀይ ሥር ሳላምጥ ዋልኩ። «ትንሽ ረጠብ አድርጋት» ይለኛል። አርጥቤ አላመጥኩለት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲበላ አጠገቡ መቀመጥ አልወድም፤ እናቴም ብትሆን።

ሆዴ አልችል ሲለኝ ወደ አገሬ ወደ ወረታ ተመልሼ ስቱዲዮ ከፈትኩ። ስቱዲዮ ማለቴ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፌበታለሁ፤ ካርቶኑ ውስጥ በረሮዎቹ እያንዳንዳቸው የግል ክፍል ተከራይተዋል። ጎረቤቴ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ነው። መብራት ሲኖር ወፍጮው ይጮኻል፤ መብራት ሲጠፋ ጸጥ ይላል፤ ያኔ እኔ በላፕቶፑ ባትሪ እየተጣደፍኩ እቀዳለሁ። ዓመት እስከ ዓመት አፍንጫዬ ውስጥ የሩዝ ገለባ ብናኝ አለ። ሳነጥስ ለዶሮ የሚበቃ ይወጣል።

ባለ ወፍጮው እኩያዬ ነው፤ ምሳ አብረን እንበላለን። እሱ ሲበላ ዞር ብዬ እቀመጣለሁ፤ ለምዶታል። የሚወደው ነገር የደንበኞቼን ጉሮሮ ሳስመስልለት ነው። የሙሽራው አባት ምርቃት ሊጀምር ሲል እንዴት እንደሚጠርግ፣ ዘፋኟ ከከፍተኛው ድምፅ በፊት እንዴት እንደምትውጥ፣ ሁሉንም አሳምሬ እችላለሁ። ሥራዬ ያስጠላኝን ነገር መቶ ጊዜ መስማት ስለሆነ ሳልፈልግ አጥንቼዋለሁ።

እንግዲህ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ሰማዩ በምሽት በምሽት ማጉረምረም ሲጀምር፣ ከቁሐር ሚካኤል በኩል አንዲት ሴት መጡ። ስድሳውን ያለፉ፣ ጥቁር የለበሱ ናቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንዲት ሜሞሪ አወጡ። ጥፍር የምታህል ነገር ናት፤ እሳቸው ግን እንደ ታቦት ነው በሁለት እጃቸው የያዟት።

ነገሩን በአጭሩ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ሁዳዴ ሊገባ ሲል አርፏል። ሁለት በሬ አላቸው። ከሁለቱ ቦራው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ባለቤታቸው ከጥጃነቱ ያሳደገው ነው፤ ከሱ በቀር ለማንም አርሶ አያውቅም። አሁን የልጃቸው ባል ሐሙሲት ላይ ባጃጅ መንዳቱን ትቶ ሊያርስላቸው መጥቷል። ቀንበሩን ሲጭንበት ቦራው አየውና ተኛ። ቢመታ ተኛ፣ ቢለመን ተኛ። ሌላ በሬ እንዳይዋሱ በዚህ ሰሞን ማንም የሥራ በሬ አያውስም። የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ደግሞ መሬቱን ለእኩል ስጪኝ፣ አርሼ ምርቱን እንካፈል እያለ በየቀኑ ይመጣል። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ግን አንዴ ከገባበት እንደማይወጣ እሳቸውም፣ እሱም፣ መንደሩም ያውቃል። ዝናቡ ጠንክሮ ሜዳውን ውኃ ሳይተኛበት ካልታረሰ ደግሞ ምርጫ የለም፤ ይሰጣል።

ሜሞሪዋ ላይ ያለው አምና ሟቹ ሲያርስ ልጃቸው በሱው ስልክ የቀዳችው ነው። እያረሰ ለበሬዎቹ ይዘፍናል። ይህን በትልቅ ስፒከር ቢሰማ ቦራው ይነሣል ብለው አስበዋል።

«ምንም እንዳትነካው» አሉኝ። «ዝም ብለህ አጉላልኝ።»

«እሺ እናቴ» አልኩ። በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ አጭሯ እሷ ናት።

እሳቸው ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ ሄድፎኑን ደፍቼ አዳመጥኩ። ድምፁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነው። ቦራውን ያሞግሰዋል፣ ሌላኛውን በሬ በቀስታ ይሰድበዋል፣ እንደገና ቦራውን ያሞግሳል። እየጣመኝ ሳለ ዘፈኑን አቆመና ሳለ።

ሳል ስል ሳል እንዳይመስላችሁ። ከተረከዙ ነው የሚነሣው። በጉልበቱ አድርጎ፣ ሆዱን ዞሮ፣ ደረቱ ላይ እንደ ጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ እያቃሰተ፣ «ኽኽኽኽኻ» ብሎ ጉሮሮው ላይ ይደርሳል። እዚያ ያርፋል። ትንሽ ያስባል። ከዚያ ያጠቃልለውና «ጥፍ»። ሲያርፍ ራሱ ይሰማል። ያረፈበት ቦታ ላይ ሣር ዳግመኛ የሚበቅል አይመስለኝም። እፎይ ብዬ ዘፈኑን ቀጠልኩ፤ ትንሽ ቆይቶ ደገመው። ከዚያም ደገመው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደ ሰዓት ደወል ጊዜውን እየጠበቀ ይመጣል። የመጣልኝን ምሳ ሳልከፍተው መለስኩት።

ባለ ወፍጮው ምን ሆነህ ነው ፊትህ የገረጣው ሲለኝ አስመሰልኩለት። ወፍጮው ላይ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ድገም አለኝ፣ ደገምኩ። ሩዝ ሊያስፈለፍሉ የመጡትን ጠራና ለእነሱም አስደገመኝ። ማሰቡን፣ ማጠቃለሉን፣ ጥፍ ማለቱን፣ ሁሉንም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወረታ ላይ ከእኔ በላይ የሚስል ሰው አልነበረም።

ከዚያ ገብቼ ጠረግኩት። እንዴት ልተወው? እጄ ራሱ አይታዘዘኝም። ምንጣፍ ላይ ዓይነ ምድር አይተህ ማለፍ ነው። አክታውን አንድ በአንድ ለቀምኩ፣ ክፍተቱን አጋጠምኩ፣ ነፋሱን አወጣሁ፣ የዝንቡን ጥዝጥዝታ አወጣሁ። እግረ መንገዴን ትንሽ ኢኮ ጣል አደረግኩበት፤ ለበሬም ቢሆን ጥራት ያስፈልገዋል ብዬ። ሲያልቅ ሰውየው ፎገራ ሜዳ ላይ የሚዘፍን ሳይሆን ሰባተኛው ሰማይ ላይ አርፎ የሚያርስ ይመስል ነበር። በዚያው በፋይሉ ላይ ሴቭ አድርጌ ሜሞሪዋን መለስኩላቸው። ጎማ ያለውን ስፒከሬንም አዋስኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ፤ ከአማቻቸው ጋር። ልጁ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። እሳቸው ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ባሌን የት ጣልከው?» አሉኝ።

ድምፁ እኮ የባለቤትዎ ነው፣ ምንም የተለወጠ የለም፣ ትንሽ ጠርቶ ነው እንጂ፣ እያልኩ ቀባጠርኩ። ረጋ ብለው ሰሙኝ።

«ድምፁማ የሱ ነው። እሱ ግን የለበትም።»

አማቻቸው ነገሩን ተረከልኝ። ስፒከሩ ሲከፈት ቦራው ጆሮውን አቁሞ ተነሥቷል። እንዲያውም እየሳበ ሄዷል፤ ሁሉም እልል ሊሉ ነበር። የእርሻው ዳር ሲደርስ ግን መዞር የለም። ተመለስ ቢሉት አይመለስ፣ ቢጎተት አይጎተት። ቦዩን ተሻግሮ፣ ቀንበሩንም ጓደኛውንም ልጁንም ይዞ፣ የጎረቤት የሩዝ ችግኝ መደብ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ማርሽ አለው፤ መሪም ፍሬንም ግን የለውም።»

የድሮውን ይመልሱልን አሉኝ። ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ፈለግኩ። የድሮው የለም። በላዩ ላይ ሴቭ አድርጌበታለሁ። ጀማሪ የማይሠራውን ስሕተት፣ ለጀማሪዎች ስጮህበት የኖርኩትን ስሕተት፣ እኔ ሠራሁት። በዓለም ላይ የነበረው ብቸኛው ቅጂ ያ ነበር፤ የሟቹ ስልክ አብሮት ተቀብሮ ይሆን አይሆን አልጠየቅኩም። ቫይረስ ልል አፌን ከፈትኩ። ሴትየዋ አዩኝ። አፌን ዘጋሁና «ራሴ መጥቼ ሜዳው ላይ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። ይህም ውሸት ነበር፣ ከመጀመሪያው ረዘም ያለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሄድኩ። ባጃጅ መንገዱ እስከፈቀደለት አደረሰኝና ከዚያ በእግር ገባሁ። ስለ ፎገራ ሜዳ ውበት የሚያወሩ ሰዎች መኪና ውስጥ ሆነው ያዩት ናቸው። ዋልካው ጫማዬን ጠጥቶ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን አስቀረ። በባዶ እግሬ ስቀጥል አንድ ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ ነገር ረገጥኩ፤ ከብቶቹ ከእኔ በፊት አልፈው ነበር። ቦዩን ስሻገር ቁርጭምጭሚቴ ላይ አልቅት ተለጠፈ። ጎትቼ ሳወጣው የመሳም ድምፅ አሰማ። በሥራዬ ምክንያት ያንን ድምፅ ከየትኛውም ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ።

የእርሻው ጫፍ ላይ የሟቹ ወንድም ቆሟል። የራሱን ጥማድ ቀንበር ጭኖ ይዞ መጥቷል። በትሕትና እንዴት አደርክ አለኝ፤ ትሕትናው ከስድብ ይከብድ ነበር። ለካ ከሴትየዋ ጋር ተነጋግረዋል፤ ዛሬ እስከ ረፋዱ ድረስ ቦራው ካላረሰ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፣ እሱም ከዚያው ይጀምራል። ሰማዩ በጣና በኩል እንደ ጥቀርሻ ጠቁሯል።

ስፒከሩን ከፈትን። ሟቹ በኢኮ ታጅቦ መዝፈን ጀመረ። ቦራው ተነሣ፣ ጆሮውን አቆመ፣ ሄደ። አማቹ እርፉን ጨብጦ እየተንገዳገደ ይከተላል። የሚገርም ነው፣ ትልሙ ሁሉ ቀጥ ብሎ ወጣ። ዳር ሲደርሱ ልጁ ተመለስ፣ ተመለስ አለ። ቦራው ቆመ። አንገቱን አቀርቅሮ የሆነ ነገር ጠበቀ። ጠበቀ። ሲቀርበት ወደ ቦዩ መራመድ ጀመረ።

«እዚህ ጋ ነበር የሚያስለው» አሉ ሴትየዋ ከኋላዬ።

ዞሬ አየኋቸው።

«ዳር ሲደርስ ዘፈኑን ያቆምና ይስላል። ይተፋል። ከዚያ ይዞራሉ። አንተ ጋ ያለው ላይ ግን አይስልም። ያንን መልስልኝ።»

ለነገሩ ሜዳው ሰፊ ነው፣ መሮጥ ይቻል ነበር። ግን ጫማ የለኝም።

«ጠፍቷል» አልኩ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አስጠልቶኝ ነው።»

የሚረግሙኝ መሰለኝ፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔንም ሠላሳ ዓመት አስጠልቶኛል» አሉ ቀስ ብለው። «በሬው ግን ወዶታል። ምን ይደረግ።»

አማቻቸው ቦራውን ከቦዩ አፍ መልሶ ዳሩ ላይ አቆመውና ራሱ ሳለ። ባጃጅ በጠዋት ብርድ አልነሣ ሲል የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ቦራው ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ደገመው፤ ባሰበት። የሟቹ ወንድም በትሩን ከትከሻው አወረደና ወደ ጥማዱ መራመድ ጀመረ። ሮጦ አይደለም፤ ቀስ ብሎ፣ ልክ ሥራው ላይ እንደሚሄድ ሰው።

ያኔ አወቅኩ። በዚህ ምድር ላይ ያንን ሳል የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እያፌዘ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ሲለማመደው ውሏል።

ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ከበሬዎቹ ኋላ ቆምኩ። የሴትየዋ ዓይን ጀርባዬ ላይ ነው። ለማሳቅ ሲሆን ቀላል ነበር፤ አሁን ግን የሚስቅ የለም። ከተረከዜ አነሣሁት። በጉልበቴ አድርጌ፣ ሆዴን ዞሬ፣ ደረቴ ላይ እያቃሰተ «ኽኽኽኽኻ» አልኩ። ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ አሳረፍኩት። ማሰቢያውን ጊዜ ሰጠሁት፤ ሄድፎኔ ውስጥ የጠረግኩት የዝምታ ልክ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አጠቃለልኩት። «ጥፍ።»

የቦራው ጆሮ ወደ እኔ ተመለሰ። አንድ ጊዜ በአፍንጫው ተነፈሰ። ከዚያ ቀንበሩን ይዞ፣ ጓደኛውን በትከሻው እየገፋ፣ ዘይት የተቀባ በር እንደሚከፈት ዓይነት ዞረ።

ሴትየዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«አሁን መጣ» አሉ።

የሟቹ ወንድም ቆሞ አየ። ሁለተኛው ዳር ላይ ደገምኩት፤ ቦራው ዞረ። ሦስተኛው ላይም ዞረ። ሰውየው ጥማዱ አጠገብ ደርሶ የገዛ በሬዎቹን ቀንበር ፈታ። እነሱን እየነዳ ሲያልፍ፣ «ወንድሜን ነው እኮ የምትመስል» አለኝ። ምስጋና ይሁን ሐሜት አልገባኝም።

እንደዚያ ሆኖ ሦስት ቀን አረስን። ሟቹ በስፒከር ይዘፍናል፣ አማቹ እርፉን ይይዛል፣ እኔ ዳር ዳር ላይ አክታውን እጨምራለሁ። ሃያ አምስት ዓመት ያወጣሁትን በሦስት ቀን አስገባሁት። ጉሮሮዬ እንደ ተላጠ ሽንኩርት ሆነ። ከረፋድ በኋላ ማስመሰሉ ቀርቶ እውነተኛው ይመጣ ጀመር፤ ከእኔ ውስጥ የወጣውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አልፈልግም፣ የሩዙን ብናኝ ብቻ ሳይሆን የካሴቱን ዘመን አቧራም ያየሁ ይመስለኛል። ሴትየዋ ማር ያለበት ሙቅ ውኃ በሽክና ያመጡልኛል። ሽክናውን ስመልስ በሁለት እጃቸው ይቀበሉኛል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ዕቃ በእንጨት ገፍቶ ነው የሚወስደው።

በዕረፍት ሰዓት ቦዩ ዳር ተቀምጠን አማቹን አስጠናዋለሁ። ተዋናይ እንደማስጠና ነው፤ እኔ እላለሁ፣ እሱ ይደግማል፣ አቆመዋለሁ፣ እንደገና። መጀመሪያ ከጉሮሮው ነበር የሚጀምረው። ከተረከዝ፣ ከተረከዝ እለዋለሁ። ማሰቢያው ላይ ቸኮለ፤ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ይመስል። «ባጃጁን እርሳው፤ ማንም ውረድ አላለህም» አልኩት። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ቦራው ለልጁ ሳል ግማሽ ዞረ። ግማሹን ለእኔ ትቶ።

ወደ ወረታ ተመለስኩ። ባለ ወፍጮው ያንን ሳል አስመስልልኝ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ምን ነካህ ሲለኝ አሞኛል አልኩ፤ ውሸት አልነበረም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ምሳ ቀርቦልኝ፣ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ረኃብ ተሰምቶኝ፣ ጎርሼ ሳልውጥ ስልኬ ጮኸ። አማቹ ነው። ሰላምታ የለም፣ እንደምን ዋሉ የለም።

«ጋሼ፣ ይሄኛውን ይስሙልኝ» አለና ሳለ። ስልኩ ውስጥ፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ ከነእርጥበቱ። የጎረስኩት አፌ ውስጥ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ከተረከዝ ነው የተነሣው። ማሰቢያው ልክ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ደረቅ ነበር።

«ትንሽ ረጠብ አድርጋት» አልኩት።

ደገመው። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ጭቃ ሲንቦጫረቅ፣ ቀንበር ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ከሩቅ ደግሞ የሴትየዋን እልልታ ሰማሁ። ምግቡን ወደ ባለ ወፍጮው ገፋሁለት።